ከዓይን ፊት የሚቆም የጠላቂ ኮምፒውተር፦ አገጣጠሙና አጠቃቀሙ

በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውሃው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ፕላንክተን በሚባሉ ጥቃቅን ሕያዋን ይሞላል። ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ በአርታ የባሕር ዳርቻ አካባቢ የሚታየው እነርሱን ለመመገብ ሲመጣ ነው። ዓሣውን የሚስበው ምግብ ግን ውሃውንም ያደፈርሰዋልና፣ ጠላቂ በእጁ አንጓ ላይ ያሰረውን ኮምፒውተር ለማንበብ ክንዱን ወደ ፊቱ ማስጠጋትና ዓይኑን ማጥበብ ግድ ይሆንበታል። አንዱ እጁ በአየር የሚሞላውን የመንሳፈፊያ ጃኬት አየር መልቀቂያ ይዞ ሌላው ያለበትን ቦታ ለጀልባ የሚያሳየውን የተንሳፋፊ ገመድ በሚጠቀልልበት ሰዓት ደግሞ ለማንበብ የሚያነሳው ነፃ ክንድ የለውም። ጥልቀትን፣ ጊዜንና የአየር ሲሊንደርን ግፊት ከማስኩ መስታወት ፊት ለፊት የሚያሳየው ኮምፒውተር ጥቅሙ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው የስኩባን፣ ማለትም ከሲሊንደር አየር እየተነፈሱ የመጥለቅን፣ መሠረታዊ ሥልጠና ጨርሶ የምስክር ወረቀት ለያዘና በእጅ ኮምፒውተር ጥቂት ጊዜ ለጠለቀ ሰው ነው። ሥልጠና ያልወሰደ ሰው በዚህ መሣሪያ ተማምኖ ወደ ውሃ እንዳይገባ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ቁጥሩ ከዓይኑ ፊት ቢቆምለትም፣ ቁጥሩ ሲለወጥ ምን ማድረግ እንዳለበት መሣሪያው አያስተምረውም።

ማንኛውም የጠላቂ ኮምፒውተር የሚሠራው በመሠረቱ አንድ ሥራ ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደማችንና በሥጋችን ውስጥ ይሟሟል፤ በፍጥነት ወደ ላይ ከወጣን ደግሞ ናይትሮጅኑ አረፋ ሆኖ የዲኮምፕሬሽን ሕመም ያስከትላል። ኮምፒውተሩ ግፊቱን በየጊዜው እየለካ፣ ሰውነታችን ምን ያህል ናይትሮጅን እንደያዘ በሒሳብ ይገምታል። ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት ስሌት የስዊዘርላንዱ ሐኪም አልበርት ቡልማን በዙሪክ ካዘጋጀው የተወለደ ሲሆን፣ ሰውነትን ናይትሮጅን በተለያየ ፍጥነት በሚወስዱና በሚለቁ 16 ክፍሎች ከፍሎ ያሰላል። ከዓይን ፊት የሚቆመውም ኮምፒውተር የሚያሰላው ይህንኑ ስለሆነ ከእጅ ኮምፒውተር የበለጠ ብልህ አይደለም። ልዩነቱ መልሱን የሚያሳይበት ቦታ ላይ ነው፤ ጥቅሙም አደጋውም የሚመነጨው ከዚያ ነው።

በገበያ ላይ የታዩት መሣሪያዎች በአሠራራቸው ይለያያሉ። ኦሽኒክ ዳታማስክ በሚል ስም የሠራው ስክሪኑን ከማስኩ አካል ጋር አዋሕዶ ነበር። ስኩባፕሮ ጋሊሊዮ ሃድ የተባለው ለብቻው የተሠራ ሆኖ በማስኩ ላይ ይገጠማል፤ በማጠፊያው ወደ ላይ ተነሥቶ ከዓይን ፊት ሊወገድም ይችላል። የሺርዋተር ኩባንያ ነርድ 2 ደግሞ ከማስኩ ጋር ሳይሆን በአፍ ከሚነከሰውና የሲሊንደሩን አየር ከሚያደርሰው ሬጉሌተር አጠገብ ይታሰራል። ሬጉሌተር ላይ የሚታሰረው ማስክ ቢወልቅም ከጠላቂው ጋር ይቀራል፤ ነገር ግን ሬጉሌተሩ ከአፍ ሲወጣ አብሮ ይሄዳል። በማስክ ላይ የሚገጠመው በተቃራኒው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት በማስክ ላይ ስለሚገጠመው ሲሆን፣ አብዛኛው ነገር ለሌሎቹም ያገለግላል።

ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ከዓይን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ ያለ ጽሑፍ እንዴት ሊነበብ እንደሚችል ነው። በእርግጥም ያን ያህል ቀርቦ ያለን ነገር ዓይን አጥርቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ በትንሹ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሌንስ ምስሉን አርቆ፣ በጋሊሊዮ ሃድ ላይ ለምሳሌ 1 ሜትር ያህል ከፊት ያለ አስመስሎ ያሳየዋል። ዕድሜያቸው ከ45 ለዘለለና ቅርብ ያለ ጽሑፍ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በውሃ ውስጥ ጠፍጣፋ መስታወት ነገሮችን ከእውነተኛ ርቀታቸው በሩብ ያህል አቅርቦ ስለሚያሳይ፣ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ የተያዘ የእጅ ኮምፒውተር በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ችግራቸውም በዚያው ልክ ይብሳል። የሩቅ ማየት ችግር ያለበት ሰው ግን 1 ሜትር ላይ ያለውም ምስል ሊደበዝዝበት ስለሚችል፣ እንደ ዓይኑ መጠን የተሠራ መስታወት ያለው ማስክ ያስፈልገዋል።

ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ማስክ ይዘው ይሂዱ። መሣሪያው ሁሉም ማስክ ላይ አይቀመጥም፤ መጋጠሚያ የሚፈልግ አለ፣ ለተወሰነ ማስክ ብቻ የተሠራ አለ። ስለ ሥዕሉ ጥራት ከማሰብዎ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሹ፤ አንደኛ፣ መሣሪያው ተገጥሞ አፍንጫዎን በሁለት ጣት መጨበጥ መቻልዎን፤ ሁለተኛ፣ የመሣሪያው ክብደት ማስኩን ወደ ታች ጎትቶ ከግንባርዎ እንዳያላቅቀው። አፍንጫ መጨበጥ የማይቻል ከሆነ የጆሮ ግፊት ማስተካከል አይቻልምና ሌላው ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም። ክብደቱን በተመለከተ፣ በአየር ላይ የሚከብድ መሣሪያ በውሃ ውስጥ ሊቀልል ስለሚችል፣ የመጨረሻውን ፍርድ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ይስጡ።

አንድ ነገር ላይ አቋሜ የጸና ነው። ከዓይን ፊት የሚቆም ኮምፒውተር ያለው ሰው በእጁ አንጓ ላይ ሁለተኛ ኮምፒውተር፣ በሲሊንደሩም ላይ ተራ የግፊት መለኪያ ሊኖረው ይገባል። ማስክ በውሃ ውስጥ በሌላ ጠላቂ የእግር መቅዘፊያ ሊመታ፣ መታጠቂያው ሊበጠስ ይችላል፤ ማስኩ ሲሄድ የጥልቀትዎም የጊዜዎም የአየርዎም መረጃ በአንድ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ጠላቂ ያለ ማስክ ደብዝዞም ቢሆን የእጁን ኮምፒውተር ትልልቅ ቁጥሮች ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ለማየት ይሞክራል፤ ከማስኩ ጋር የሄደን መሣሪያ ግን ለማየት መሞከር እንኳ አይችልም። ሁለቱን ኮምፒውተሮች በተቻለ መጠን በአንድ ዓይነት ስሌትና በአንድ ዓይነት የጥንቃቄ ደረጃ ያስተካክሉ፤ በውሃ ውስጥ መልሳቸው ከተለያየም ይበልጥ የሚያስጠነቅቀውን ይከተሉ።

በየብስ ላይ የሚሠራ ዝግጅት

ከመጥለቅዎ በፊት ባለው ምሽት መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ያድርጉ። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ባትሪያቸው ከውስጥ ታሽጎ የሚቀመጥ ስለሆነ ጀልባ ላይ ሆነው ባትሪ መቀየር አይችሉም። የቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ወይም የብረት ነጥቦቹ ደርቀው ከጨው የጸዱ መሆናቸውን ይመልከቱ።

ከዚያ ማስኩን ያዘጋጁ። አዲስ ማስክ ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣው ስስ ቅባት መስታወቱን እንፋሎት ያለብሰዋልና፣ በጥርስ ሳሙና ደጋግሞ ማሸት ያስፈልጋል። ይህ ለማንኛውም ማስክ የሚሠራ ምክር ቢሆንም እዚህ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ከመስታወቱ ውጭ ስለሚቀመጥ፣ መስታወቱ ከውስጥ እንፋሎት ከለበሰ የመሣሪያው ስክሪን የቱንም ያህል ቢደምቅ ቁጥሩ አይነበብም። የመሣሪያውን ሌንስ ግን በጥርስ ሳሙና ፈጽሞ አይንኩት፤ ይቧጨራል።

መሣሪያውን በማስኩ ላይ ሲገጥሙ ምስሉ በየትኛው ዓይን እንደሚታይ ያስቡበት። ከሁለቱ ዓይኖቻችን አንደኛው የበላይ ነው። ለማወቅ ሁለት እጅዎን ዘርግተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይሥሩ፤ በቀዳዳው ውስጥ ሩቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የበር እጀታ፣ በሁለት ዓይን ይመልከቱ፤ ከዚያ ዓይኖችዎን በየተራ ይጨፍኑ። እጀታው ከቀዳዳው ሳይወጣ የሚታየው በበላዩ ዓይን ነው። ብዙ ሰዎች ምስሉ በበላዩ ዓይን በኩል ሲሆን በቀላሉ ያነባሉ፤ ይሁን እንጂ ባሕሩን በበላዩ ዓይን፣ ቁጥሩን በሌላው ማየት የሚመርጡም አሉ። መሣሪያዎ በሁለቱም በኩል የሚገጠም ከሆነ ሁለቱንም ይሞክሩ።

ምስሉ ዓይንዎ ቀጥ ብሎ ሲመለከት መካከል ላይ መቆም የለበትም። ትክክለኛው ቦታ ከእይታዎ ዳር ነው፤ ዓይንዎን ትንሽ ሲያነሡት ወይም ሲያዞሩት ሙሉ ስክሪኑ ይታያል፣ ሲመልሱት ባሕሩ ይታያል። ለማስተካከል መቆም ወይም ወንበር ላይ መቀመጥ አይበቃም። እኔ መጀመሪያ በተጠቀምኩበት ቀን ጀልባው ላይ ቆሜ በደንብ አስተካክዬው ነበር፤ ውሃ ውስጥ በሆዴ ተዘርግቼ አንገቴን ቀና ሳደርግ ግን የዋና ልብሱ ቆብ ማስኩን በጥቂቱ ገፍቶት የስክሪኑ የላይኛው መስመር ተቆረጠ። የተቆረጠው መስመር ጥልቀቱን የሚያሳየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆቤን ለብሼ፣ ሬጉሌተሩን ነክሼ፣ ወለል ላይ በሆዴ ተኝቼ ወደ ፊት እያየሁ ነው የማስተካክለው። አራቱም የስክሪን ማዕዘኖች ሳይቆረጡ መታየት አለባቸው። በመጨረሻ የማሰሪያ ገመዱን ከማስኩ መታጠቂያ ጋር ያስሩት እንጂ ከጃኬቱ ጋር አያስሩት፤ ከጃኬቱ ጋር የታሰረ ገመድ ጭንቅላትዎን ሲያዞሩ ማስኩን ይጎትታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቅንብሩ ነው። መለኪያው በሜትርና በባር መሆኑን ያረጋግጡ። የውሃውን ዓይነት ይምረጡ፤ የባሕር ውሃ ጨው ከሌለበት ውሃ በ2.5 በመቶ ያህል ስለሚከብድ፣ በባሕር ላይ ኮምፒውተሩ ለሐይቅ እንደተቀናበረ ቢቀር በ30 ሜትር ላይ የ70 ወይም የ80 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ያሳያል። ይህ ትንሽ ነው። የሚተነፍሱት ጋዝ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ግን ትንሽ አይደለም። 32 በመቶ ኦክስጅን ያለው ናይትሮክስ (ኦክስጅኑ ከተራ አየር የበዛ ቅይጥ) እየተነፈሱ የኦክስጅኑን የግፊት ድርሻ በ1.4 ባር ከገደቡት፣ የሚፈቀድልዎት ጥልቀት 33 ሜትር ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ተራ አየር እንደሚተነፍሱ ካመነ በ45 ሜትር ላይ እንኳ አይጮህም። ስለዚህ ሲሊንደሩን በራስዎ እጅ በኦክስጅን መለኪያ ይለኩ፤ የተገኘውንም ቁጥር ያው ሰዓት ያስገቡ፣ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ።

ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ነገር መምረጥ ከሚመስለው በላይ ጠቃሚ ነው። መሣሪያዎቹ የውሃ ሙቀት፣ ኮምፓስ፣ የባትሪ መጠን፣ የልብ ምት ጭምር ማሳየት ይችሉ ይሆናል። በዋናው ገጽ ላይ ግን ጥልቀት፣ ያለ ማቆሚያ የቀረው ጊዜ (ሲወጡ የግዴታ መቆም ሳያስፈልግ በዚያ ጥልቀት መቆየት የሚቻልበት)፣ የሲሊንደር ግፊት፣ ያለፈው ጊዜና የአወጣጥ ፍጥነት ብቻ ይኑሩ። ሌላው በሁለተኛው ገጽ ይደበቅ። ከዳር የሚታይ ስክሪን በአንድ ጨረፍታ መነበብ አለበት፤ አምስት ቁጥር በአንድ ጨረፍታ ይነበባል፣ አሥራ ሁለት ቁጥር አይነበብም። ቁጥሮቹ የት የት እንደሚቀመጡ ዓይንዎን ጨፍነው መናገር እስኪችሉ ድረስ ቤት ውስጥ ይለማመዱ። ብርሃኑንም በሌሊት ለመጥለቅ ዝቅ ያድርጉት፤ ከዓይን አጠገብ ያለ ደማቅ ብርሃን ዓይን ጨለማውን እንዳይለምድ ያደርገዋል።

የሲሊንደሩን ግፊት ወደ ስክሪኑ የሚልከው በሬጉሌተሩ የመጀመሪያ ደረጃ (በሲሊንደሩ ቫልቭ ላይ በሚገጠመው ክፍል) ላይ፣ በከፍተኛ ግፊት ቀዳዳ የሚታሰር ትራንስሚተር ነው። የራዲዮ ሞገድ በውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚደክም የሚደርሰው ወደ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትራንስሚተሩ ኮምፒውተሩ ባለበት ጎን ቢታሰር ይመረጣል። የካሜራ ፍላሽና በሞተር የሚሄድ መጎተቻ ምልክቱን ለጥቂት ሰከንድ ሊያቋርጡት ይችላሉ። የጀልባ ሠራተኞች ትራንስሚተሩን እጀታ እየመሰላቸው ሲሊንደሩን በእርሱ ይዘው ሲያነሡ ብዙ ጊዜ ይታያልና፣ ከመነሣታችሁ በፊት በትሕትና ይንገሯቸው። ቫልቩን ከከፈቱ በኋላ በስክሪኑ ላይ ያለው ግፊት ከተራው መለኪያ ጋር መስማማቱን ያወዳድሩ።

በመዋኛ ገንዳ ውስጥ የሚደረግ ልምምድ

በቀጥታ ወደ ባሕር አይሂዱ። ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ውስጥ አንድ ሰዓት ማሳለፍ በቂ ነው፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ግን ሦስት ነገር በደንብ ይለማመዱ። የመጀመሪያው ማስኩን ውሃ አስገብቶ ማስወጣት ነው። ማስኩን በግንባር በኩል ሲጫኑ እጅዎ መሣሪያውን እንዳይገፋው የሚይዙበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ጠርዙን በሁለት ጣት ጎን ለጎን መጫን ብዙ ጊዜ ይሻላል። ሁለተኛው ማስኩን ከነመሣሪያው አውልቆ መልሶ ማድረግ ነው። መሣሪያውን ሳይሆን የማስኩን አካል ይያዙ፤ ካደረጉት በኋላ ምስሉ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅብዎት ይወቁ። ሦስተኛው በገንዳው መካከል ምንም ሳይነኩ በአንድ ጥልቀት ላይ መቆም ነው። በዚህ ጊዜ ስክሪኑን አይዩ፤ የገንዳውን ግድግዳ እየተመለከቱ ይቁሙ፣ ከዚያ በጨረፍታ ጥልቀቱን ያረጋግጡ። ቁጥሩን እያዩ የሚንሳፈፉ ከሆነ ቁጥሩ ሲለወጥ እርስዎ ሁልጊዜ ዘግይተው ነው የሚከተሉት፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ አሥር ሳንቲ ሜትር ወደ ታች እያሉ ይወዛወዛሉ።

ባሕር ውስጥ

ከመግባትዎ በፊት አብሮዎት ለሚጠልቀው ጓደኛ መሣሪያውን አሳይተው ያስረዱት። እርሱ የእርስዎን ስክሪን ማየት አይችልም። በእጅ ኮምፒውተር የለመደ ጓደኛ የሌላውን ክንድ ይዞ ማንበብ ይችላል፤ እዚህ ግን መረጃው ለባለቤቱ ብቻ የተሰወረ ነው። ስለዚህ ግፊትዎን በጣት ምልክት አዘውትረው እንደሚነግሩት አስቀድመው ይስማሙ፤ ችግር ቢገጥምዎ የእጅ ኮምፒውተርዎ በየትኛው ክንድ እንዳለም ይንገሩት።

ከጀልባ ሲዘሉ መዳፍዎን በሬጉሌተሩ ላይ፣ ጣቶችዎን በማስኩ ላይ የማድረጉ ልማድ እንዳለ ነው፤ ሆኖም መሣሪያው የሚታጠፍ ከሆነ ከመዝለልዎ በፊት ወደ ላይ ያጥፉት፣ የማይታጠፍ ከሆነ ጣቶችዎ ከጎኑ ሆነው ማስኩን ይያዙ። ውሃ ውስጥ ከገቡ በኋላ በመሣሪያው ሌንስና በማስኩ መስታወት መካከል የአየር አረፋ ሊቀር ይችላል። ምስሉ የተጣመመ ከመሰለዎት ስክሪኑ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ፤ መሣሪያውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች ቢያንቀሳቅሱት ወይም በጣትዎ ቢጠርጉት አረፋው ይወጣል። መውረድ ከመጀመርዎ በፊት ሁለቱም ኮምፒውተሮች መብራታቸውንና ጥልቀቱ ዜሮ መሆኑን ይመልከቱ።

ሲወርዱ ትኩረትዎ ጆሮዎ ላይ ይሁን። ጭንቅላትዎን ሳያጎነብሱ ጥልቀቱን ማየት መቻልዎ ለጆሮ ይጠቅማል፤ ቀና ያለ አንገት የጆሮን ግፊት ማስተካከል ያቀላልና። በ5 ሜትር ላይ ቆም ብለው የሁለቱን ኮምፒውተሮች ጥልቀት ያወዳድሩ። ከግማሽ ሜትር በላይ ከተለያዩ አንዱ ተሳስቷልና ወጥተው ያጣሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። እንዲህ ያለው ስክሪን መጀመሪያ የተሠራው ለተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ነበር፤ ዓይናቸውን ከሰማዩ ሳያነሡ ፍጥነትና ከፍታ እንዲያነቡ ታስቦ ነው። ይሁን እንጂ በ1980 በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት በናሳ በተደረገ የአብራሪነት ማስመሰያ ሙከራ፣ በዚህ ስክሪን እያዩ ሲያርፉ ከነበሩት አብራሪዎች አንዳንዶቹ በማረፊያው ላይ የቆመ ሌላ አውሮፕላን ሳያዩ ቀርተዋል። ዓይናቸው ወደ ማረፊያው ያይ ነበር፤ ልባቸው ግን ቁጥሩ ላይ ነበር። በውሃ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ጠላቂው ቁጥሩ ስለማይጠፋ ያለማቋረጥ ያነበዋል፤ በዚያ መካከል ጓደኛው ሦስት ሜትር ወደ ጎን ርቆ መሄዱን፣ የባሕሩ ሞገድ ከባሕር ውስጥ ካለው የድንጋይ ግድግዳ እየገፋው መሆኑን አያይም። ከዓይን ፊት መቆሙ ማየትን ያቀላል እንጂ ማስተዋልን አይተካም።

ለዚህ የማውቀው ጥሩ መፍትሔ ስክሪኑን በሥርዓት ማየት ነው። ጥልቀት በለወጡ ቁጥር፣ ጓደኛዎን ባዩ ቁጥር፣ አቅጣጫ በቀየሩ ቁጥር አንድ ጨረፍታ ይበቃል፤ ከእነዚህ ውጭም በየደቂቃው አንድ ጊዜ። ቅደም ተከተሉም ይኑረው፤ መጀመሪያ ጓደኛ፣ ከዚያ ዙሪያ፣ ከዚያ ቁጥር። ቁጥሩን አንብበው እንደጨረሱ ምን እንዳነበቡ ለራስዎ ይናገሩ፣ «18 ሜትር፣ 24 ደቂቃ፣ 120 ባር» ብለው በልብዎ። ይህን መናገር ካልቻሉ አይተዋል እንጂ አላነበቡም። መሣሪያው የሚታጠፍ ከሆነ ፎቶግራፍ በሚያነሡበት ወይም ዓሣ በሚመለከቱበት ጊዜ ወደ ላይ ቢያጥፉት ምንም አይደለም፤ የእጅ ኮምፒውተሩ ይበቃዎታል።

የቀረውን የአየር ጊዜ ኮምፒውተሩ ቢያሰላልዎትም ሒሳቡን እርስዎም ማወቅ አለብዎት። በውሃው ወለል ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው፣ ግፊቱ 3 ባር በሆነበት በ20 ሜትር ላይ በደቂቃ 60 ሊትር ይተነፍሳል። ባለ12 ሊትር ሲሊንደሩ ከ200 ባር እስከ 50 ባር መጠባበቂያው ድረስ 1,800 ሊትር ይሰጠዋል፤ ይህም 30 ደቂቃ ነው። ኮምፒውተሩ 50 ደቂቃ ይቀርሃል ካለ የሆነ ነገር ተሳስቷል፤ ሒሳቡን የማያውቅ ሰው ግን ስሕተቱን አያውቅም።

መሣሪያው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሲወጡ ነው። በደቂቃ ከ9 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት መውጣት ይመከራል፤ ከ18 ሜትር እስከ 5 ሜትር አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ሊፈጅ ይገባዋል ማለት ነው። በመጨረሻዎቹ 10 ሜትሮች ግፊቱ ከ2 ባር ወደ 1 ባር በግማሽ ስለሚወርድ በጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ይሆናል፤ ጠላቂ ሳያስበው እንደ ቡሽ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በእጅ ኮምፒውተር የሚወጣ ሰው አየር መልቀቅ፣ ገመድ መጠቅለል፣ ክንዱን ማንበብና ወደ ላይ ጀልባ አለ ወይ ብሎ ማየት አለበት፤ አራት ሥራ በሁለት እጅና በአንድ ጭንቅላት። ከዓይን ፊት የሚቆመው ኮምፒውተር ያለው ሰው ወደ ላይ እያየ ጥልቀቱንም ፍጥነቱንም ያነባል፤ ሁለቱም እጆቹ ለሥራ ነፃ ናቸው። በ5 ሜትር ላይ የሦስት ደቂቃውን የደኅንነት ማቆሚያ ሲያደርጉም በደፈረሰ ውሃ መካከል፣ ከላይም ከታችም የሚታይ ነገር በሌለበት፣ ቁጥሩ ብቸኛው መደገፊያ ይሆናል። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ተንሳፋፊውን ሲልኩ ገመዱን ከፊትዎ አርቀው ይያዙት። የተፈታ ገመድ በመሣሪያው ማጠፊያ ላይ ተጠልፎ ተንሳፋፊው ወደ ላይ ቢተኮስ ማስኩን ከፊትዎ ነጥቆ ይወስደዋል።

ስክሪኑ ሲጠፋ

በውሃ ውስጥ ስክሪኑ ቢጠፋ ወይም ማስኩ ቢወልቅ፣ መጀመሪያ መውጣትና መውረድዎን ያቁሙ። ከዚያ የእጅ ኮምፒውተሩን ተመልክተው፣ ለጓደኛዎ ምልክት ሰጥተው፣ መጥለቁን አቁመው በሥርዓት ይውጡ። ግፊቱ ብቻ ከስክሪኑ ከጠፋ አየርዎ አለቀ ማለት አይደለም፤ የትራንስሚተሩ ምልክት ተቋርጦ ይሆናልና ተራውን መለኪያ ያንብቡ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች አብረው ከጠፉ ከጓደኛዎ ጎን ሳይርቁ፣ በእርሱ ፍጥነት፣ ከእርሱ ጥልቀት ሳይወርዱ ይውጡ፤ በ5 ሜትር ላይ ረዘም አድርገው ይቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ለ24 ሰዓት አይጥለቁ። በማግስቱ የጓደኛዎን ኮምፒውተር ተውሶ መጥለቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ያ ኮምፒውተር የሚያውቀው የእርሱን ሰውነት ውሎ እንጂ የእርስዎን አይደለም።

ከወጡ በኋላ

መሣሪያውን በንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክረው ቁልፎቹን እያንቀሳቀሱ ጨውን ያውጡ። የብዙ ሰው ማስክ በሚነከርበት የጋራ በርሜል ውስጥ ግን አይጣሉት፤ ሌንሱ ይቧጨራል። በጅቡቲ ፀሐይ ጀልባው ወለል ላይም አይተዉት። ሌንሱ እንደ ማጉያ መነጽር የፀሐይን ጨረር በስክሪኑ ላይ ሰብስቦ ሊያቃጥለው ይችላል። በአውሮፕላን ሲጓዙ የሊቲየም ባትሪ ያለበት ስለሆነ በእጅ ሻንጣ ይያዙት።

ከባሕር ወጥቶ ወደ ደጋ የሚመለስ ሰው በስክሪኑ ላይ የሚቀረውን የአውሮፕላን ምልክት በቁም ነገር መመልከት አለበት። ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ አይብረሩ ማለት ነው፤ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን በዝቅተኛ ግፊት አረፋ ሊሆን ይችላልና። ኮምፒውተሩ ምንም ቢል፣ ተቀባይነት ያለው ምክር ያለ ማቆሚያ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ የግዴታ ማቆሚያ ላደረገ ደግሞ ከ18 ሰዓት በእጅጉ የበለጠ መጠበቅ ነው። ብዙ ሰው ይህ የሚመለከተው አውሮፕላንን ብቻ ይመስለዋል። ምክሩ ግን ከ600 ሜትር በላይ የሆነን ከፍታ ሁሉ ይመለከታል፤ በመኪናም ይሁን በባቡር። በቀይ ባሕር ዳር ባለችው የእስራኤል ከተማ በኤላት ጠልቆ በዚያው ቀን ወደ ኢየሩሳሌም የሚነዳ ሰው ወደ 750 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ ወደ 1,200 ሜትር፣ አዲስ አበባ የሚደርስ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በከፍታ የሚበር የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጡ የሚፈቀድለት ግፊት ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር ስለሚመሳሰል፣ አዲስ አበባ መግባት ከበረራው እንደማይወርድ መንገደኛ መሆን ነው፤ ሌላው ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ጠለል ሲመለስ እኛ እዚያው ከፍታ ላይ እናድራለን።

ስለዚህ ጉዞዎን ሲያቅዱ የመጨረሻውን ሙሉ ቀን ከመጥለቅ ነፃ ያድርጉት። የጠዋቱ ባቡር ትኬት በእጅዎ ካለ፣ በዋዜማው ወደ ባሕሩ የሚገቡት በአየር መሳቢያ ቱቦና በማስክ ብቻ፣ በውሃው ገጽ ላይ ሆነው ዌል ሻርኩን ለማየት ይሁን። በመመለሻው ቀን የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ መደንዘዝ፣ ያልተለመደ ድካም ወይም ማዞር ከተሰማዎት ወደ ከፍታው መውጣቱን ትተው፣ እዚያው ባሕር ጠለል ላይ ሆነው ኦክስጅንና ሐኪም ይጠይቁ። ኮምፒውተሩንም ይዘው ይሂዱ፤ ምን ያህል ጥልቀት፣ ምን ያህል ጊዜ፣ በምን ፍጥነት እንደወጡ መዝግቦ ይዟልና ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎትን ይመልስለታል።